አውርድ

ደሴ ላይ ተቀምጬ፣ ጦሳ በመስኮት ሲያየኝ፣
ከሰኞ ገበያ በላይ፣ መብራት እስኪከዳኝ፣
የወረባቦን ዝናብ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣
ስክሪን ላይ ዘርግቼ በመስመር ሰፋሁት።

ግራፉ ሕያው ነው። ጣት ሲጠጋው ያውቃል፣
ነጥቡን ነካ ስታደርግ አፍ አውጥቶ ያወራል፦
«ሐምሌ ነው፤ ሁለት መቶ አርባ ሚሊ ሜትር።»
«ግንቦት ነው፤ አሥራ አንድ፤ እሱም በመከራ» ብሎ ሊጨምር
ምንም አይቀረው።
ሳብ ስታደርገው ክረምቱ ይረዝማል፣
ለቀቅ ስታደርገው በልግ ላይ ይተኛል።

አለቃዬ አቶ እንግዳሸት በበሩ ብቅ አሉ፦
«ያምራል» አሉ። «ያምራል። ግን ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ?
ቢስቲማ ኔትወርክ የለ፤ ማን ይከፍተዋል?
ለዞን ፒዲኤፍ ነው፤ ለሪፖርት ምስል ይበቃል፤
ለግድግዳ ባነር፣ ከሩቅ የሚነበብ፤
ቁጥሩንም ለብቻ። ስብሰባው ሐሙስ ነው። ይዘህ ውረድ።»

በቀኝ ጥግ ላይ አለች አንዲት ትንሽ ቁልፍ፤
«አውርድ» ነው የምትል።
ያገሬ ሰው ይህን ቃል እጁን ዘርግቶ
ወደ ሰማይ ነበር የሚለው፣ ደመናውን አይቶ።
እኔ ለማሽን አልኩት። ማሽኑ አልዘገየም።

ፒኤንጂው ወረደ፦ ፎቶ ነው፤ ድዳ ነው፤
ባጎላሁት ቁጥር ጠርዙን ብል በላው።
ኤስቪጂው ወረደ፦ ግድግዳ ቢያክልም መስመሩ አይደበዝዝም፤
ፊደሉ ግን ከደሴ አልተነሣም፤
«ሐምሌ» ሳጥን ሳጥን ሳጥን፣
«ነሐሴ» ሳጥን ሳጥን ሳጥን፤
ፊደሉን አቅፎ እንዲሄድ ለመንኩት ሌሊቱን።
ፒዲኤፉ ወረደ፦ ገጹ ጠብቦት ኖሮ
የመጨረሻው መስከረም ከጠርዙ ውጭ ቀረ፣
ዓመት ሳይጠባ አደረ።
ሲኤስቪው ወረደ፦ ቁጥር፣ ኮማ፣ ቁጥር፣ ኮማ፤
ቆዳው የተገፈፈ፣ ለዓይን የማይስማማ።

ሐይቅን አልፈን ወረድን፤ ሚኒባሱ በሰው ጢም፣
ባነሩ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ።
ቢስቲማ፣ ገበሬዎች ማሰልጠኛው አዳራሽ፣
በአራት ሚስማር ሰቀልነው።

እመት ሉባባ ተነሡ፣ መነጽር የላቸው፤
ነሐሴ ላይ፣ መሬት በነካው ነጥብ ላይ አረፈ ጣታቸው።
ጫን አሉት። ጠበቁ። ደግመው ጫን አሉት፣
የልጅ ልጃቸው ስልኩን ሲነካ እንዳዩት።
«ይሄኛው አይናገርም፣ እማ» አልኩ እያፈርኩ፤ «ወረቀት ነው።»
«አብሽር» አሉኝ። «እንግዲያ እኔ ልናገርለት።

«ነሐሴ ዜሮ ነው አልክ? ጠብ አላለም ብለህ?
ወላሂ፣ ያን ነሐሴ የእንድሪስን ሁለት በሬ ጎርፍ ወስዷል።
መለኪያውን ጠዋት ጠዋት የሚያየው ሙሔ ነበር፤
ሙሔ ታሞ ተኛ። ጣሳው ሞልቶ ሲፈስ ማን ይቁጠር?
ሰማዩስ ጽፎ ነበር፤ አንባቢው ነው የተኛ።
በጳጉሜን ቀበርነው። አፈሩ ጭቃ ነበር፣ ለአካፋ ያስቸገረ፤
የኔማ አንድ እግር ጫማ እዚያው ነው የቀረ።»

አዳራሹ ዝም አለ። ከኋላ አንድ ወንበር ሲጥ አለ።

ማታ ያንን አጥንት ከፈትኩት። በነሐሴ ቦታ
ኮማ፣ ከዚያም ኮማ፤ በመሃላቸው ጸጥታ።
ባዶ ነበር እንጂ ዜሮ አልነበረም።
ግራፌ ባዶ ማየት አይወድም፤ ዜሮ ብሎ ደፈነው፤
ውሸቱም በአራት ፎርማት፣ ጥርት ብሎ፣ አብሮ ወረደ።
እኔም ተሸክሜው ወረድኩ።

አሁን ነሐሴ ላይ መስመሩ ይቋረጣል፤
ከሐምሌ ይነሣና ጫፍ ላይ ይቆማል፤
ማዶ፣ መስከረም ላይ፣ ሌላ እጅ ይቀጥለዋል።
መሃሉ ላይ ጣት ብታሳርፍ የሚያወራ ነጥብ የለም።

ሰኞ አቶ እንግዳሸት በበሩ ብቅ አሉ፤
«መስመሩ ተቆርጧል፤ አታሚው ነው እንዴ?» አሉ።
«አይደለም» አልኩና፣ ጦሳ ላይ የጀመረው
ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ፣ ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ።